ቤት የሚሸጠው መቼ ነው?



ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የድሮዎቹ ቪላዎች እየፈረሱ ሆቴልና ሕንፃ ሆነዋል። ከወላጆቹ ግቢ የወረሰውን ወጣት ደላላው ዕረፍት ይነሳዋል፤ «ገበያው አሁን ነው፣ ነገ ይወርዳል» ይለዋል።

ወንድሜ፣ እህቴ! ዋጋው መናሩን ብቻ አይታችሁ አትሽጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ቤቱን «በጥሩ ዋጋ» ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው፣ ብሩ ሳይጎድል የመግዛት አቅሙ ቀለጠ። በወለድ እንዳያካክሰው ደግሞ ሐራም ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሸጦ ገንዘቡን በመሰሉ ንብረት ላይ ያላዋለ ሰው በረካ እንደሚያጣበት ማስጠንቀቃቸውን ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ያወጣል?» ብቻ ሳይሆን «ብሩ የት ይገባል?» ነው። የምትገዙትን ቤት ወይም የምትገቡበትን ሐላል ንግድ ሳታውቁ ውል አትፈራረሙ። ዋጋ ስታጣሩም ደላላው የሚጠራውን ትታችሁ፣ የጎረቤት ቤት በቅርቡ በእርግጥ ስንት እንደተሸጠ ጠይቁ።

መጠበቅም ግን ወሰን አለው። ቤቱ የውርስ ከሆነና እህታችሁ ድርሻዋን ከጠየቀች፣ «ዋጋ ይጨምር» እያሉ ዓመት ማስቆጠር ሐቋን መያዝ ነው። ወይ ቤቱን አስገምታችሁ ድርሻዋን ክፈሏት፣ ወይ ሽጡና ተካፈሉ። የእሷ ሐቅ ገበያ እስኪደራ አይጠብቅም።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን።