ስድስት መቀመጫ ለማን?

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ስድስት መቀመጫ ስላለው እንደ ድል የሚያወሩ ሰዎች አሰልችተውኛል። ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ካራት፣ ጂንካ። ቢሮዎቹ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድበው ለየከተማው ደረሱ፤ ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ይህም መንግሥትን ለሕዝብ ማቅረብ ነው ተባለ። ለየትኛው ሕዝብ?

ቱርሚ ያለ ሐመር ክልል የሚያስኬድ ጉዳይ ቢገጥመው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ጉዳዩ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ነው። ቢሮው ጂንካ ከሆነ እሰየው። ሶዶ ከሆነ በኮንሶና በአርባ ምንጭ አድርጎ ይያያዘው። ዲላ ከሆነማ ከክልሉ ወጥቶ እንደገና ወደ ክልሉ መግባት አለበት፤ ጌዴኦን ከሰሜን ሲዳማ፣ ከሌላው ወገን ሁሉ ኦሮሚያ ከቦታልና። በደርግ ጊዜ ጂንካ በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሥር ሳለች ባለጉዳይ አርባ ምንጭ ይሄድ ነበር። ኋላ ሐዋሳ ሆነ፤ ራቀ፣ ግን አንድ ቦታ ነበር። ሹሞቻችን መቼም ላንድክሩዘሩም አበሉም አላቸው፤ ቢሮው ሶዶ፣ ምክር ቤቱ አርባ ምንጭ ቢሆን ምን ይጎድልባቸዋል?

ጥር 29 ቀን 2015 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የቀረበልን ነጭ እርግብና ጎጆ ቤት ነበር። ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድ ክልል ይደራጁ ወይስ አይደራጁ? ጥያቄው ይኸው ነበር። ወረዳው በራሱ ምን ይወስን ብሎ የጠየቀን የለም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። በመቀመጫ የተነታረክነውን ሩቡን ያህል በዚህች አንቀጽ ብንነታረክ ምን ነበረበት!

ቅርበት ሥልጣን ቢሆን ኖሮማ ጂንካ በጥር 2003 በጠገበች ነበር። ያኔ አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው ለአርብቶ አደሮች ቀን መጥተው በኦሞ ሸለቆ ሊካሄድ የታሰበውን የስኳር ልማት አበሰሩ። ከዚህ በላይ መንግሥት ወዴት ይቀርባል? ነገሩ ግን አዲስ አበባ ላይ ያለቀ ነበር፤ ጂንካ የሰማችው ብሥራቱን ነው። ሳላማጎ ላይ ሸንኮራ ተተከለ፣ ግቤ 3 የወንዙን ሙላት ገታ፣ በሙላቱ ዳር ማሽላ የሚዘሩት ቦዲና ሙርሲ ደረቅ ዳርቻ ታቅፈው ቀሩ። አንቀጽ 43 ማኅበረሰብን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ ይጠየቅ ይላል፤ አንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ አይፈናቀል ይላል። ሁለቱም ያኔ ነበሩ፤ የዞን ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ጂንካ ነበር።

«ብሔረሰቦቹ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር አላቸው» የሚለኝ አይጠፋም። አላቸው። ወኪሎቹን የሚመርጠው ግን የክልሉ ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 61 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግም ይቻላል ቢልም፣ ምክር ቤቶቻችን ይህን ድካም ለሕዝቡ ትተው አያውቁም፤ ራሳቸው ይሸከሙለታል።

ስለዚህ የመቀመጫውን ዜና ተዉትና የሳላማጎ ወረዳ ምክር ቤት እምቢ ሊልባቸው የሚችላቸውን ነገሮች ዘርዝሩልን። ስድስት ከሞሉ እኔም አጨበጭባለሁ።