አንድ ሻጭ፣ አምስት ስም

ዛሬ የማጫውታችሁን የምጽፈው በባለ ጉዳዮቹ እህቶች ፈቃድ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ የያሆዴና የመሳላ ገበያ በደራበት ሳምንት፣ አንዲት እህት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቤታችን መጣች። ከሆሳዕና ገበያ ቅቤና ቡላ እየገዛች፣ በቴሌግራም ቻናሏ አስተዋውቃ፣ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች በአውቶቡስ የምትልክ ናት። አታካና ያለ ቅቤ አይሠራምና የዓመት ተስፋዋ ያ ሳምንት ነው።

“እትዬ፣ አምስት ሰው ተነሣብኝ” አለችኝ። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ቻናል ተከፍቷል። አንዱ ከእርሷ ዋጋ በታች ይጠራል፤ ሌላው ከዚያም ዝቅ ያደርጋል። በሦስተኛው ላይ ደግሞ ደንበኛ ነኝ ባይ የእርሷ ቅቤ ሙዝ የተቀላቀለበት ነው ብሎ ጽፏል። ቀስ ብላ ስታየው ግን በአምስቱም ፎቶ ላይ ያው ጠርዙ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሳፋ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአጎቷ ልጅ እንደ ገዢ ሆኖ ሦስቱን ቢጠይቅ፣ ሦስቱም የላኩለት የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንድ ሆኖ ተገኘ። የሒሳቡ ባለቤት በእኛው ጉባኤ የምታመልክ እህት ናት።

“እንጸልይ” አልኳት፤ ጸለይን። ያልኳት ያንን ብቻ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ፣ “እኔም ሦስት ስም ልከፍት ነው” አለችኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ሰው በቴሌግራም ከአንድ በላይ የሕዝብ ቻናል መክፈት ይችላል፤ አንዱን ለቅቤ፣ አንዱን ለልብስ ቢያደርግ ምንም ክፋት የለበትም። አማዞን የሚባለው ትልቁ የውጭ ገበያ በቂ የንግድ ምክንያት ከሌለ በቀር ለአንድ ሻጭ ሁለተኛ አካውንት አይፈቅድም። በእኛ ዘንድ ግን ቻናል የከፈተን ሰው “ማን ነህ?” የሚለው የለም። ገዢዋ አምስት ሰው ጠይቄ ዋጋ አመዛዘንኩ ትላለች፤ የጠየቀችው አንድ ሰው ነው። ዘዳግም 25፥13ን ደጋግሜ አነበብኩት። የሚከለክለው በሐሰት መመዘንን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን መመዘኛ በከረጢት ይዞ መገኘትንም ነው። ይህ ደግሞ ተበዳይዋንም ይነካል።

በማግስቱ ጠራኋትና ሥራ ጀመርን። ሳይጠፋ ሁሉንም በፎቶ አስቀረች። ስድቡን በስድብ አልመለሰችም። በቻናሏ ላይ ሙሉ ስሟን፣ የሱቋን ቦታና የንግድ ፈቃድ ቁጥሯን ጻፈች። ደንበኞቿንም “በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትልኩ፣ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚወጣውን ስም እዩ፤ የእኔ ካልሆነ አትላኩ” አለቻቸው። የቻናል ስም አምስት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ የሚገባበት ስም ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድስ? አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተወዳዳሪን ስም በሐሰት ማጥፋትንም ሸማችን ማሳሳትንም ይከለክላል። አማኝ አይከስም የሚሉ አሉ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን ይጠቅሳሉ። እኔ ግን በሐሰት የሚጎዳው ገዢም ጭምር ስለሆነ በሩ ዝግ ነው አልልም፤ ማቴዎስ 18፥15 ይቅደም እንጂ። (ሽማግሌዎቻችን ስለ መጠጥ በደንብ ይጠይቁናል። ስለ ንግዳችን የጠየቁን መቼ ነው?)

ስለዚህ ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ከቤት ሆኜ እጠብቅ ነበር። ያቺኛዋ መጀመሪያ ካደች። ፎቶዎቹን ስታይ ዝም አለች፤ ከዚያ ባሏ ሥራ ካቆመ ስምንት ወር እንደሆነው፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም እንዳለባት ተናገረች። “አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠሩት” አለች። የሙዙን ወሬ በዚያው ምሽት አጠፋች፤ “ሐሰት ነበር” ብላ እንድትጽፍ ብትለመንም እስካሁን አልጻፈችም። ከአምስቱ ቻናሎች ሦስቱን ዘግታለች።

እህታችን የበዓሉ ገበያ አመለጣት። የተረፋትን ቅቤ እንዳይበላሽ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ በማሰሮ አድርጋ፣ በላዩ ላይ የራሷን ስም ለጥፋ እየሸጠች ነው። ሁለቱ ባለፈው እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበረ።