ያፏጨው ሕዝብ ምን አጠፋ?

ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ተመልካች ባህል በተዘጋጀ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ ስማቸውን ማንሣት የማያስፈልገኝና ሥራቸውን ግን የማከብረው ሰው፣ የቴአትር ቤቶች ወንበር ባዶ መቅረቱን በሰፊው ሲያወሱ ቆይተው በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ ስታዲየም ቀሰሩ። በእርሳቸው አስተያየት ሕዝባችን ማዳመጥን የረሳው፣ ጩኸትን የለመደው፣ ሽንፈትን በጸጋ መቀበል ያቃተው በኳስ ሜዳ ነው። «ቡድኑ በገዛ ሜዳው ሲሸነፍ የሚያፏጭ ሕዝብ ጥበብን ሊያፈቅር አይችልም» ሲሉ ደመደሙ። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም፤ ዳሩ ግን ተነሥቼ አልተቃወምሁም። ያን ዕለት በአፌ ያልመለስሁትን ዛሬ በብዕር ልመልስ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ፉጨት ምን እንደ ሆነ እንነጋገር። የምናፏጨው የእኛ ነው በምንለው ላይ ነው። መንገደኛ በማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ ጣሪያው ለምን አፈሰሰ ብሎ አይቆጣም፤ የሚቆጣው ባለቤቱ ነው። የስታዲየም ተመልካች ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ትኬት ይቆርጣል፣ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ከሜዳው አይነቅልም። ተከላካዩ የት መቆም እንደ ነበረበት፣ አሠልጣኙ ተጫዋች ለመቀየር ስንት ደቂቃ እንደ ዘገየ ጠንቅቆ ያውቃል። ይህንን ሁሉ አይቶና መዝኖ ያልተደሰተ ሰው የሚያሰማው ድምፅ ሂስ ካልተባለ፣ እኛ በየመጽሔቱ የምንጽፈው ምን ሊባል ነው? የእኛ ሂስ በብዙ ገጽ ይጻፋል፤ የእርሱ በሁለት ጣትና በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ምናልባትም የእርሱ ይበልጥ ቅን ነው፤ ደራሲው ወዳጁ ስለ ሆነ አያለሳልሰውምና።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርሁ። ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከሚደረጉት ሁለት የመጨረሻ ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን የምትጫወትበት ዕለት ነው። ሕዝቡ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሰልፍ ቆሟል። ካታንጋ ሞልቷል፤ ሚስማር ተራ ሞልቷል፤ ከማን አንሼ መቆሚያ የለም፤ ጥላ ፎቅም ያን ዕለት እንደ ሌላው ተጨናንቋል። ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ሜዳውን ዝም ብለው ይመለከታሉ። «አባባ፣ እናልፋለን?» አልኋቸው። «ልጄ፣ እኔ ለማለፍ አልመጣሁም፤ ለማየት ነው የመጣሁት» ሲሉ መለሱልኝ።

በሁለተኛው አጋማሽ በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ ያ ስታዲየም የሆነውን ለመግለጽ የግጥም ሙያዬ አይበቃኝም፤ አልሞክረውምም። ከዚያ ኤማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ያው ሰው መታው፤ 2 ለ 1 ሆነ። አዎን፣ ፉጨት ነበረ። ፊቱን በጥለት ሸፍኖ የሚያለቅስ ወጣት ነበረ። ዳኛውን የሚራገም ነበረ፤ የራሱን ተከላካዮች የሚራገም ነበረ። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን ደፍተው ተነሡና አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «አንድ ሰው በጊዜ አልተቀየረም» አሉ። ወንበሩን ተሻግረው ወደ መውጫው ሄዱ። ይህን የመሰለ አጭርና ትክክለኛ ሂስ በሥራዬ ላይ የሰጠኝ ሐያሲ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እንግዲህ የተከበሩት ተናጋሪ ይንገሩኝ፤ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ጥበብን የማያፈቅረው የትኛው ነው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ደጋፊው የሚሰበክበት ስብከት ነው። «ታገሡ» ይባላል። «ቡድኑን አታስጨንቁት» ይባላል። «ደጋፊው ሥነ ሥርዓት ይጎድለዋል» ይባላል። ትዕግሥት የጎደለው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ከዚያው ግጥሚያ ጥቂት ወራት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያው ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈች። ከተማው በሙሉ ወጣ፤ የምድቡ አሸናፊ ሆነናል ተብሎ ተጨፈረ። ጭፈራው ሳይበርድ በዚያው ዕለት ከወደ ፊፋ ሌላ ወሬ ተሰማ። ለካ ከቀናት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ግጥሚያ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትና መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። በሜዳ ላይ በላብ የተገኘው ድል በወረቀት ተሰረዘ፤ ውጤቱ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ። ቡድኑ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን ብራዛቪል ላይ አሸንፎ ባያልፍ ኖሮ ከናይጄሪያ ጋር የሚያገናኘን ነገር ባልኖረም ነበር። ሁለት ቢጫ ካርድ መቁጠር የደጋፊው ሥራ ነበርን? መዝገብ የሚይዘው ካታንጋ ነውን? በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለ ተፈጸመ ስሕተት ያፏጨ የለም፤ እዚያ ተመልካች አይገባምና። ሕዝቡ ቁጣውን የሚያፈስበት ቦታ ኳሱ የሚታይበት ሜዳ ብቻ ነው። በመሆኑም ኳሷን ያገኘው ተጫዋች የሌሎችን ዕዳ ሁሉ ይከፍላል።

ይህ ሕዝብ መሸነፍን አያውቅም የሚለው ክስ ደግሞ ታሪክ የማያውቅ ሰው ክስ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነሥቶ የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 ሲረታና ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲረከብ ስታዲየሙ አጨበጨበ፤ ይህ ይታወሳል፤ በየዓመቱ ይነገራል። የማይነገረው ሌላው ነው። በ1960 ዓ.ም. ዋንጫው እንደገና እዚሁ ሲደረግ ቡድናችን በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፎ ወደቀ። በ1968 ዓ.ም. ሦስተኛ ጊዜ ስናስተናግድ ኡጋንዳን አሸነፍን፣ በጊኒ ተሸነፍን፣ ከግብጽ ጋር እኩል ወጣንና ከምድቡ ሳናልፍ ቀረን። በገዛ ከተማችን የመጨረሻው ፉክክር በሞሮኮ፣ በጊኒ፣ በናይጄሪያና በግብጽ መካከል ሆነ፤ ዋንጫውንም ሞሮኮ ወሰደች። ከዚያ በሊቢያ ከተደረገው ከ1974 ዓ.ም. ውድድር በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ራቅን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን በሜዳችን 2 ለ 0 አሸንፈን የተመለስን ዕለት ስታዲየሙን የሞላው ከግማሽ በላዩ ያለፈውን ዋንጫ ያላየ ትውልድ ነበር። አንድም ዋንጫ ሳያይ አድጎ ትኬት ለመቁረጥ በሰልፍ የሚቆም ወጣት፣ ይህ ነው እንግዲህ ትዕግሥት የለውም የሚባለው!

ስለ ራሴም ልናገር፤ ሌላውን ስወቅስ ራሴን መደበቅ አይገባኝምና። ከዓመታት በፊት አንድ ቴአትሬ ለመድረክ በቅቶ ነበር። ሁለተኛው ገቢር ደካማ መሆኑን አውቅ ነበር፤ አዘጋጁም ያውቅ ነበር፤ ተዋንያኑም ከእኛ ይበልጥ ያውቁ ነበር። በመክፈቻው ምሽት የመጣው ተመልካች በጨዋነት ተቀመጠ፣ በጨዋነት አጨበጨበ፣ በጨዋነት ወደ ቤቱ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ከተመልካቹ የመድረኩ ሠራተኛ ይበዛ ነበር። ያፏጨብኝ ሰው አልነበረም። ከጀርባው መጋረጃ ቆሜ ያንን ጸጥታ ስሰማ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ይህ ምንድን ነው?» ቢለኝ እንደ ምሕረት በቆጠርሁት ነበር። ጨዋው ተመልካች አልረዳኝም፤ ተወኝ እንጂ። እንግዲህ መድረክ ላይ ቆመው የስታዲየሙን ፉጨት የሚያወግዙት ወዳጄ፣ በእኛ አዳራሽ የነገሠውን ጸጥታ የባህል ምልክት አድርገው ባያዩት መልካም ነው።

በሌላ አገር የሙያ ባልደረቦቻችን በዚህ ነገር እንደ እኛ አላፈሩም። በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 16 ቀን 1950 ብራዚል በገዛ ስታዲየሟ በማራካኛ በኡራጓይ 2 ለ 1 ተሸንፋ የዓለም ዋንጫ ሲያመልጣት አገሩ ሐዘን ተቀመጠ። ግብ ጠባቂው ባርቦሳም ያችን ግብ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሸክሟት ኖረ። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ግፍ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው የተሸነፈውን፣ ሚሊዮኖች አስቀድመው በድል የሰከሩበትን ለአንድ ሰው ማሸከም! ነገር ግን የዚያች አገር ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ኔልሰን ሮድሪገስ ከዚህ ሽንፈት አልሸሸም። ስለ ኳስ በጋዜጣ ላይ ያለመታከት ጻፈ፤ ወገኖቹ ራሳቸውን ከሌላው ዓለም አሳንሰው የማየት ልማዳቸውን ከዚያ ሽንፈት ተነሥቶ ስም አወጣለት፣ ተከራከረበት። ለመድረክ የጻፈበትና ለኳስ የጻፈበት ብዕር አንድ ነበር። የእኛ ድርሰትና ቴአትር ግን ካታንጋን ስንት ጊዜ ጎብኝቷል? ገበያውን ጽፈናል፣ ጠጅ ቤቱን ጽፈናል፣ ፍርድ ቤቱን ጽፈናል፤ ሳምንት ሳይቀር አሥር ሺዎች አብረው ተስፋ አድርገው አብረው የሚያዝኑበትን ቦታ ዘለልነው።

ተቃዋሚዎቼ እዚህ ላይ የሚያነሡትን አውቃለሁ፤ ቢያነሡትም እውነት አላቸው። ድንጋይ ተወርውሯል፤ በክለቦች ግጥሚያ ላይ ሰው በትውልዱና በቋንቋው ተሰድቧል፤ አንዱ ክለብ ወደ ሌላው ከተማ ለመሄድ የፈራበት ጊዜ ነበር። ይህን ፉጨት ብዬ አልጠራውም፤ ልከላከለውም አልነሣም። ድንጋይ ወርዋሪው ስለ ጨዋታው የሚናገረው የለውም፤ ኳሷ የት እንዳለች እንኳ አያይም። መምህራን ሆይ፣ በዚህ ላይ የእናንተ ድርሻ ከእኔ ይበልጣል፤ የተሰደበው ልጅም የተሳደበው ልጅም ሰኞ ጧት እፊታችሁ ይቀመጣሉና። ዳሩ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ፣ በድንጋዩ አሳብቦ ፉጨቱንም ማገድ የሚመቸው ለአንድ ወገን ብቻ ነው፤ መጠየቅ ለማይወደው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ። እኔ በዚህ ሁሉ ስለ ፉጨቱ ስከራከር የሚፏጭበት ቦታ ራሱ ከእጃችን ወጥቶ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ ወር ጋናን «በሜዳው» ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ነበር! ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ አላሟሉም ተብሎ ነው። የመልበሻ ክፍል፣ የተመልካች መቀመጫ፣ መብራት፣ የሣሩ ይዞታ፤ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ጨረቃ ላይ የሚገኝ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በመቐለ ታላላቅ የስሚንቶ ግንቦች ቆመዋል። በአዲስ አበባም 60 ሺህ ያህል ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት ነጉደዋል። ግንቡን ያቆመው እጅ መጸዳጃ ቤቱንና መቀመጫውን ለመጨረስ ለምን እንደ ሰነፈ የሚጠየቅ አካል አለ፤ ማን እንደ ሆነ ካድሬዎች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበርን። እንዲህ ያለ ድል አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ከተማው ሌሊቱን ሙሉ ባልተኛ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በቡርኪና ፋሶ 3 ለ 0 ስንሸነፍ «ሜዳችን» ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ኮንጎ 2 ለ 0 ስታሸንፈን «ሜዳችን» ዳሬ ሰላም ነበር። ድሉም ሽንፈቱም ባለቤት አልነበረውም።

የቡርኪና ፋሶውን ግጥሚያ ለመከታተል ሰፈሬ ወዳለ ሻይ ቤት ገባሁ። በእንግሊዝ ክለቦች ጨዋታ ቀን በር ላይ ሳይቀር ሰው የሚቆምበት ቤት ነው፤ ግማሹ የአርሰናልን፣ ግማሹ የማንቸስተርን ማልያ ለብሶ፣ ስለ ለንደን ሽንፈት እንቅልፍ የሚያጣ ወጣት የሚሰበሰብበት። ያን ዕለት ሰባት ሰዎች ነበርን። ከቴሌቪዥኑ የሚሰማው የተንታኙ ድምፅና የተጫዋቾቹ ጥሪ ብቻ ነው፤ ሜዳው ዙሪያውን ባዶ ነው። ሁለተኛው ግብ ሲቆጠር አንዱ ልጅ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ሦስተኛው ሲቆጠር የሻይ ቤቱ ባለቤት ሪሞቱን አነሣና «ጋሼ፣ ልቀይረው?» ሲል ጠየቀኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ያፏጨ የለም፤ የተራገመም የለም፤ «ተወው» ያለም የለም። ባለቤቱ ጥቂት ጠበቀና ጣቢያውን ቀየረው።