አዳራሽን የሚያኖረው ተጠቃሚው ነው

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ሲኒማ ቤቶች ክርክር በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ግድግዳ ይሆናል። ይፍረስ የሚለው ወገን ግድግዳው አርጅቷል ይላል፤ ይጠበቅ የሚለው ደግሞ ግድግዳው ታሪክ ነው ብሎ ይመልሳል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፈሮች ሲፈርሱም ሙግቱ እንደገና ጦፎ ነበር፤ ያኔም አብዛኛው ንግግር በድንጋይና በእንጨት ላይ ቀረ። በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ሲኒማ ቤት ቅርስ የሚሆነው ሰው በአቅሙ ከፍሎ ገብቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ፣ አብሮ ማየት እስከቻለ ድረስ ነው። ይህ ከተቋረጠ ግንቡ ቢቆምም ቅርሱ የለም። ስለዚህ ጥበቃው መጀመር ያለበት ከአገልግሎቱ ነው።

ለዚህ አባባል ጠንካራውን ማስረጃ የማገኘው ከከተማ ሳይሆን ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ዛሬ ድረስ ይኖሩበታል። ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ያቆየው ቄሮ የተባለ የአካባቢው ሰው ሥርዓት ነበር። የአስቦና የገራ ተወላጅ ነን የሚሉ ባለ አጽመ ርስቶች አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለዓመታት እንዳይነካ ይከለከላል፤ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። ከሣሩ የቤት ክዳን ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል። መንዜ ጓሳን የጠበቀው ስለሚያጭደው ነው፤ የማጨድ መብት ባይኖረው ኖሮ በብርድ ሌሊት ጥበቃ የሚያድርበት ምክንያት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩ ባለቤት አልባ ሆኖ ተጎዳ። ጓሳ እንደገና ያገገመው የአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የመጠቀምንም የመከልከልንም ደንብ መልሶ በእጁ ሲያደርግ ነው።

የሲኒማ ቤቶቻችን ታሪክም ተመልካች የሌላውን ሰው ቤት እንዴት የራሱ እንዳደረገው የሚናገር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በምንለው አካባቢ የተከፈተውን የመጀመሪያውን የፊልም ቤት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት አለው። በጨለማ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰውና ፈረስ ማየት ለካህኑም ለምእመኑም የሚያስደነግጥ ነገር ነበርና በስሙ አልፈርድም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የከተማው ፕላን ነጭና ጥቁርን ለመለያየት ተነደፈ፤ መርካቶ ለአገሬው፣ ፒያሳ ለጣሊያኑ ተመደበ። ያኔ ሲኒማ ኢጣልያ የነበረው ዛሬ ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው። ብሔራዊ ቴአትር የተጀመረው በዚያው በወረራው ጊዜ በሲኒማ ቤትነት ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ አሳድጎት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ግን ከመነሻው የእኛ ነው፤ ማኅበሩ ወረራው ሊደርስ ሲል በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን ለአገሩ ለማነሣሣት ሲቋቋም መሪው የቡልጋ ተወላጁ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። እኒህ ሰው ከሕንፃው በፊት የሚሰበሰበውን ሕዝብ ማሰባቸውን ልብ ማለት ያሻል። ግድግዳው የመጣው በኋላ ነው።

«ጣሊያን ለሠራው ምን አስለቀሰን?» የሚል ተቃውሞ አለ። ንቀት የሚገባው ተቃውሞ አይደለም፤ ያ ዘመን በየካቲት 12 የተጨፈጨፉትን ወገኖቻችንን የሚያስታውስ ነው፤ ሰሜን ሸዋም በአርበኝነት ብዙ ልጆቿን ገብራለች። ነገር ግን ከደብረ ሲና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ የፋሺስት ንብረት ውስጥ ገባሁ ብሎ አያስብም። ዋሻው የእኛ የሆነው ለትውልድ ስለተመላለስንበት ነው። ሲኒማ ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ጥቁር እንዳይገባበት በታሰበ ሥርዓት ውስጥ የተሠራ አዳራሽ የአዲስ አበባ ሊስትሮ፣ ወታደርና ተማሪ ሲሞሉት ከዚህ የበለጠ ምን ድል ይፈለጋል? ማፍረሱ ለሠሪው ቅጣት አይሆንም፤ የሚቀጣው በኋላ የወረሰውን ሕዝብ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙ ነገር ተለወጠ፤ ሲኒማ ቤቶችም በመንግሥት እጅ ገቡ። ሥርዓት ቢለዋወጥም ተመልካቹ አልቀረም። አምፒር፣ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደርና ራስ የአሜሪካኑንም የሕንዱንም ፊልም እያሳዩ ቀጠሉ። የሕንድ ፊልም ዘፈን ቃሉን ሳያውቅ በዜማው የሚያንጎራጉር ትውልድ ያፈሩት እነዚህ አዳራሾች ናቸው። ከከተማው ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከታየ በኋላ የአማርኛ ፊልም ብቅ እያለ ሲጠፋ ለአሥርተ ዓመታት ቆይቶ ነበር፤ ጥሬ ፊልሙ፣ እጥበቱ፣ ካሜራው ሁሉ ከአቅም በላይ ነበር። የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስና «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉ ሥራዎች ሲመጡ ወጣቶቹ ፊልም ሠሪዎች መሸጫ የሚሆን ገበያ ፈለጉ። ገበያው በከተማው መሐል ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ወንበሩ የተደረደረ፣ ሕዝቡ መንገዱን የሚያውቀው፣ ከአምባሳደር በር እስከ አስፋልቱ ሰልፍ ለመያዝ የማያፍር ተመልካች ያለበት አዳራሽ። ከቲኬቱ የተገኘው ገንዘብ ቀጣዩን ፊልም ሠራ። እነ ዓለም ሲኒማ፣ ሴባስቶፖልና በኤድና ሞል የተከፈተው ማቲ የተከተሉት ይህን የተመልካች ልማድ ተመርኩዘው ነው። አሮጌዎቹ አዳራሾች ቀደም ብለው ለመጋዘን ወይም ለሱቅ ተሰጥተው ቢሆን ኖሮ ያ ትውልድ ፊልሙን የት ያሳይ ነበር?

አሁን ግን ዘመኑ ተለውጧል የሚለው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ተርጉሞ ያቀረባቸው ተከታታይ ድራማዎች ብዙ ቤተሰብ ማታ ማታ ቤቱ አስቀመጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አዳራሾችን ዘጋ፤ ዩቲዩብ ደግሞ ፊልሙን በእያንዳንዱ ሰው ኪስ አስገባው። ባዶ ወንበር ለመጠበቅ ለምን ወጪ ይወጣል? መልሴ ሰው መሰብሰብን አልተወም የሚል ነው። በራስ ሆቴል ግጥምን ከጃዝ ጋር ያቀርብ የነበረው መድረክ ግጥም ለመስማት ብቻ አዳራሽ የሚሞላ ወጣት እንዳለ በተግባር አሳይቷል። ስልክ የፊልሙን ታሪክ ይሰጣል፤ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲስቅ ወይም በአንድ ጊዜ ዝም ሲል የሚሰማውን ግን አይሰጥም። ያን ዝምታ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ደራሲና አዘጋጅም ይፈልገዋል፤ ሥራው የቱ ጋ እንደሳሳ የሚነግረው እሱ ነው። አዳራሹ ፊልም ብቻ ያሳይ አላልኩም። ቴአትር፣ ሙዚቃ፣ የመጽሐፍ ምረቃ ይግቡበት፤ በሩ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ነው የምለው።

ግንብ ብቻ መጠበቅ የት እንደሚያደርስ የአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1926 የተከፈተው ሚሺጋን ቴአትር በ1970ዎቹ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ በወርቅ ቅብ ያጌጠው ጣሪያ ከፊሉ ዛሬም ከመኪኖቹ በላይ ይታያል። ግድግዳው ተርፏል፤ ግን ቅርስ ተጠበቀ የሚል ያለ አይመስለኝም። በኒውዮርክ ብሩክሊን ያለው ኪንግስ ቴአትር በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ተዘግቶ ሲበሰብስ ኖሮ በ2015 ታድሶ ለሕዝብ ሲከፈት እንደገና ሕይወት ዘራ። በእኛም አገር ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ትኩረቱ በዋናነት ምዝገባ፣ ጥገናና የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው አለማንሣት ነው። መልካም ነው፤ ይሁንና የአንድ አዳራሽ በር በሳምንት ስንት ቀን መከፈት እንዳለበት ከዚህ አይገኝም። ስለዚህ አሮጌ ሲኒማ ቤት ሲታደስ ወይም በአዲስ ሲተካ የወንበሩ ቁጥር እንዳይቀንስ፣ ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀንና ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ቦታ በውሉ እንዲጻፍ፣ ተመልካችና ባለሙያ በአስተዳደሩ እንዲቀመጡ መደረግ አለበት። የግንባታው ማጠናቀቂያ ጊዜም በውሉ ይግባ፤ የመርካቶው ራስ ቴአትር አሮጌ አዳራሽ ፈርሶ አዲሱ እስኪሠራ የፈጀው ረጅም ጊዜ አንድ የሰፈር ተመልካች ልማዱን እስኪረሳ የሚበቃ ነው።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው «የአዲስ አበባ ሲኒማ ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ያደከመው አካባቢ ነው፤ መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት ይቀድማሉ፤ ይህን አልከራከርም። ነገር ግን አዲስ አበባን ከገነቧት እጆች ብዙዎቹ ከዚያው ደጋ ወርደው የመጡ ናቸው፤ የቀን ሠራተኛው እሑድ ከሰዓት ገብቶ የሚቀመጥበት ወንበር ከተማዋ ከሰጠችው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር። የገበያ ማእከል ሲኒማ ብቻ ሲቀር መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ደግሞም ሐሳቡ ወደ ደጋው ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። በብዙ የወረዳ ከተሞቻችን ያለው አዳራሽ የሚከፈተው ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ነው። በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ሰላሙ ሲመለስ አንድ ፕሮጀክተርና ነጭ ሸራ ገዝቶ፣ የገበያ ቀንን ለይቶ፣ የአማርኛ ፊልም በጥቂት ብር ማሳየት ለአንድ ከተማ አስተዳደር ከባድ ወጪ አይደለም። ቀኑን የሚወስንና ገንዘቡን የሚቆጣጠር ኮሚቴ የማቋቋሙን ነገር መንዜ ከጓሳ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባም አምፒርንና ሲኒማ ኢትዮጵያን እንዲያስተዳድሩ ተመልካቾችን ስትጠራ ከዚያው ልምድ ብትጠይቅ ታተርፋለች።