ድር ያለ ማግ

በአሰላ የክረምት ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከተማይቱ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ናትና በዚያ ልብስ ከጌጥነቱ ይልቅ ጋሻነቱ ይበልጣል።

ታዲያ ወጣቶች ሆይ፣ እጀ ብልሆች ወደሚባሉት ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ። አንዱ ቅርጫት አንድ እጅጌ ብቻ የወጣለት ሹራብ፣ ሌላው ተቈርጦ ያልተሰፋ ቀሚስ ይዟል። ጠረጴዛውና ቴሌቪዥኑ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ለብሰዋል፤ ሕፃኑ ግን ይንቀጠቀጣል! ይህ ጥበብ ነውን? እንግዳ እንዲያደንቅ ብሎ ዕቃን አልብሶ ልጅን ማራቈት ከንቱ ውዳሴን መፈለግ ነው።

«ብዙ መጀመር የብልህ እጅ ጠባይ ነው» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ጀማሪን የሚያስደስተው የአዲስ ክር ቀለም ነው፤ ሠራተኛን የሚያስከብረው ግን አሰልቺው ሁለተኛ እጅጌ ነው። አያቶቻችን በእንዝርት ድሩን ፈትለው ማጉን ሳያደርሱ ሥራውን አይተዉትም ነበር፤ ድር ያለ ማግ ጋቢ አይሆንምና። ሁለት እግር አለኝ ተብሎም ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

እንግዲህ አዲስ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ቅርጫታችሁን ክፈቱ፤ ከጅምሩም ሁሉ አስቀድማችሁ ለሚበርደው የታሰበውን ጨርሱ። ክረምቱ እናንተን አይጠብቅም።