ለቆንስሉ የተጻፈ ጉዞ

ከሮም የተመለስኩ ዕለት አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ቦታ አየኸው?»

ስልኬ ውስጥ ከ600 በላይ ፎቶ ነበር። ኮሎሲየም ከፊት፣ ኮሎሲየም ከጎን፣ ኮሎሲየም በማታ መብራት። ትሬቪ ፏፏቴ ሳንቲም ስወረውር የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይቀር ነበረኝ። ለአባቴ ጥያቄ የሚሆን ግን አንድም አልነበረኝም። ማታ ካርታ ከፍቼ ሳየው ቦታው ከኮሎሲየም በእግር ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ያውም አልፌዋለሁ። በአውቶቡስ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ የሚቀጥለው መግቢያ ሰዓት እንዳያልፈኝ እየተጨነቅሁ አልፌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ «ሮም ልሄድ ነው፣ ፕላንህን ላክልኝ» ያሉኝ ጓደኞች አራት ደርሰዋል። ለአንዳቸውም አልላክሁም። ስስት አይደለም። ያ ፕላን መጥፎ ፕላን ስለሆነ ነው፤ መጥፎነቱም የእኔ ብቻ አይደለም። እኛ ለሦስት አራት ቀን ጉብኝት ወደ አውሮፓ ስንሄድ እቅዱን የምንጽፈው ለሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ለቆንስሉ፣ ቀጥሎ በስልክ ለሚከተለን ሰው። ለራሳችን የሚተርፍ ሰዓት የለም። እኔ የምለው ይህ ይብቃ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ ነው። በርሊን ላይ የሥራ ስብሰባ ነበረኝና ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ጨምሬ በሮም በኩል ልመለስ አሰብኩ። ቪዛ ለመጠየቅ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የማርፍበት ቦታ፣ የባንክ መግለጫ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስና በየቀኑ የት እንደምውል የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጀሁ። የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ልዩ ገደብ ጣለ፤ 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ማለትም አንዴ ትገባለህ፣ አንዴ ትወጣለህ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ከዜሮ ትጀምራለህ።

እስቲ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ «ረቡዕ ጠዋት፦ አንድ አደባባይ ላይ መቆም» ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? ማንም። ምክንያቱም ወረቀቱ ማሳመን ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ጨዋ ቱሪስት ነው፣ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ቱሪስት ያያቸዋል የሚባሉትን እንደረድራለን። ኮሎሲየም፣ ፎረም፣ ፓንቴዮን፣ ትሬቪ፣ የስፔን ደረጃ፣ ቫቲካን። ቪዛው ሲመታ ወረቀቱን መጣል ነበረብን። አንጥለውም። ለሌላ ሰው የጻፍነውን ራሳችን አምነን ተቀብለን እንደ ትዕዛዝ እንፈጽመዋለን።

የቀረውን ስልኩ ይጨርሰዋል። ቪዲዮ ብታዩ፣ የጉዞ ጽሑፍ ብታነቡ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብትጠይቁ የሚመጣው ያው አሥር ቦታ ነው። ዝርዝሩ የተሠራው ለማንም ስለሆነ የማንም አይደለም። በተለይ ደግሞ ያልቀናው ነገር ቢኖር በሌላ ቅዳሜና እሑድ ተመልሶ መምጣት ለሚችል ሰው የተሠራ ነው።

እኔ እንግዲህ በሙያዬ አመካኝቼ ነገሩን አባባስኩት። ኤክሴል ከፈትኩ። 17 ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ደቂቃ፣ በመሃል የመጓጓዣ ጊዜ፣ ቀድሞ የሚቆረጥ ትኬት ያለበት በቀይ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ሠርቷልም፤ ከ17ቱ 16ቱን አየሁ። ማንም ፕሮግራመር ግን ይህንን ያውቀዋል፦ ኮዱ ያለ አንዲት ስህተት እየሠራ የተሰጠው ሥራ ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፍጥነቱ ጥፋት ነው። እኔ «በሦስት ቀን ከፍተኛውን የቦታ ብዛት አምጣ» ብዬ ጠየቅሁ፣ መጣልኝ። ሮም ውስጥ ለእኔ ምን አለ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ምን አለ? ከባቡር ጣቢያው እንጀምር። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቴርሚኒ ጣቢያ ነው የሚወርደው። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቸንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 (እ.ኤ.አ.) ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች። እኔ ያንን አደባባይ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ሻንጣና ቦርሳ ይዤ አቋርጬዋለሁ። ስለ አሉላ አባ ነጋ ትምህርት ቤት ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ እኮ!

ከአደባባዩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የሟቾቹ ስም የተጻፈበት መታሰቢያ አለ፤ አናቱ ላይ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት ቆሟል። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚያ ሥር ነበር። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1938 (እ.ኤ.አ.) ሰይፉን መዞ ሰዎችን ያቆሰለው እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ነፃነትን አላየም፤ በ1945 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶበት ሞተ። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ ለገሐር ፊት ለፊት ቆሟል። በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን።

አባቴ የጠየቀኝ ቦታ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እዚያ ቆሞ ነበር፤ 24 ሜትር የሚሆን ድንጋይ። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዝ ነበር። 18 ወሩ 58 ዓመት ፈጀ። በ2002 መብረቅ መታው፣ በቀጣዩ ዓመት ተነቀለ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ቆሞ ተመረቀ። አንቶኖቩ ሲያርፍ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው አውሮፕላኑን ሳይሆን አባቴን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ነበር፣ መቀመጥ አልቻለም።

ሐውልት መውሰድ ሮም የሙሶሊኒ ጊዜ የጀመረችው አመል አይደለም። በላተራን ባዚሊካ ጎን የቆመው 32 ሜትር የሚሆን የግብፅ ሐውልት በ357 ዓመተ ምሕረት ገደማ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተተከለውም ከፖርታ ካፔና አጠገብ ባለው የጥንት የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ውስጥ ነበር። ቱሪስቱ እነዚህን ሐውልቶች እየዞረ ይቆጥራል። ተነቅሎ ወደ አገሩ የሄደውን ግን አይቆጥርም፤ የሚታይ ነገር የለማ! እኛም ባንቆጥረው ማን ይቁጠረው?

ከዚያው ላተራን አጠገብ አንድ መንገድ አለ፤ ስሙ የአምባ አራዳም መንገድ ነው። በየካቲት 1936 (እ.ኤ.አ.) የራስ ሙሉጌታ ጦር የተመታበት ተራራ ነው አምባ አራዳም። ጣሊያኖች ዛሬም ነገር ሲዘበራረቅባቸው «አምባራዳን» ይላሉ፤ ትርምስ ለማለት። ቃሉ ከዚያ ጦርነት የመጣ ነው። የሰው ሬሳ የተከመረበት ተራራ ስሙ ላልተነጠፈ አልጋና ለተዝረከረከ ጠረጴዛ መጠሪያ ሆኗል። ይህን አውቆ መንገዱን መሄድና ሳያውቁ መሄድ አንድ አይደለም።

«አሃ፣ የቂም ጉብኝት ነው የምትፈልገው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልክ በዚህ ቃል ነው የተናገረኝ። መልሴ ቫቲካን ውስጥ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ግእዝ የተማረው ከዚያ ገዳም ሰዎች ነው፤ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ።

እኔ ለእንጀራዬ የአማርኛ ፊደል በስክሪን ላይ በትክክል እንዲወጣ ሠርቻለሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያኔ ማን እንደለፋ አነባለሁ፣ አከብራለሁም። ከዚያ በፊት በ500 ዓመት ገደማ ግን «ሀ» እና «ለ» ለማተሚያ ሲቀረጹ አጠገቡ ቆመው «ይህ እግሩ ረዘመ፣ ይህ አንገቱ ጠመመ» የሚሉ ሐበሾች ሳይኖሩ አይቀሩም። የሙያ አያቶቼ ናቸው። ቤታቸው ከባዚሊካው በስተጀርባ ነው፤ እኔ ከፊቱ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ስለ ባትሪዬ አስብ ነበር። ይሄ ቂም ነው? ይሄ የራስን ቤት አለማወቅ ነው።

ከቂሙ ይልቅ ሌላ ጠንከር ያለ ክርክር አለ፤ እሱን አልዘለውም። «አንዴ ነው የምገባው። ዳግም ቪዛ ላላገኝ እችላለሁ። ዓለም የሚያወራለትን ሳላይ ልመለስ?» ትክክል ነው፤ እኔንም 17 ቦታ ያስደረደረኝ ይኸው ፍርሃት ነው። ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው ውሰዱት። አንዴ ብቻ የምትገባ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ያየልህን ነገር ለማየት ብቻ ልታጠፋው ነው? የትሬቪን ፎቶ ከእኔ የተሻለ ያነሱ ሚሊዮኖች አሉ። ዶጋሊ የሚለውን ስም አንብቦ ቆም የሚለው ግን እዚህ አገር የተማረ ሰው ነው።

«ደክሞኛል፣ ላርፍ ነው የምሄደው» ለሚልም መልስ አለኝ፦ 17 ቦታ አያሳርፍም። በሦስት ቀን ውስጥ ተቀምጬ ማኪያቶ የጠጣሁት አንዴ ነው፤ እሱንም ኤክሴሉ ላይ 15 ደቂቃ ተብሎ ስለተጻፈ።

ኮሎሲየምን ዝለሉ አልልም። ኮሎሲየም ኮሎሲየም ነው። የምለው ዝርዝሩን ግማሽ አድርጉትና ቀሪውን የራሳችሁ አድርጉት ነው። አንደኛ ቀን፦ ቴርሚኒ ስትወርዱ ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ ወደ አደባባዩና ወደ ዶጋሊ መታሰቢያ ተመለሱ፤ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ እዚያው ጎን ነው። ሁለተኛ ቀን፦ ጠዋት ኮሎሲየም። ትኬቱ በስምና በሰዓት ነው፤ ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ፓስፖርት ያዙ። ስትወጡ አውቶቡስ አትሳፈሩ። በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ወደ ደቡብ በእግር ውረዱ፣ ፖርታ ካፔና ላይ ትወጣላችሁ። አጠገቡ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር የተሠራው ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነው። ከዚያ በአምባ አራዳም መንገድ ወደ ላተራን። ሦስተኛ ቀን፦ ቫቲካን። ቅዱስ እስጢፋኖስ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ካልተፈቀደ የባዚሊካውን ጉልላት 551 ደረጃ ውጡና ከኋላ በኩል ወደ አትክልቱ ቁልቁል ፈልጉት። ትሬቪን በማታ እዩት፤ እሱ የትም አይሄድም።

ለቆንስሉ የፈለገውን ስጡት። ወረቀቱ የእሱ ነው። ግን ቪዛው ሲመታ ሌላ ወረቀት አውጡና እንደ አዲስ ጻፉ።

ባለፈው ሳምንት ከአራቱ ጓደኞቼ ለአንዱ ኤክሴሉን ትቼ ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፌ ላክሁለት። ስጽፍ አባቴ ከጎኔ ነበር። «ፖርታ ካፔናን ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ በለው» አለኝ።

«አባዬ፣ ሐውልቱ የለም እኮ። አስፋልትና ሣር ነው የሚታየው።»

«አውቃለሁ» አለ። «አለመኖሩን ነው ማየት የምፈልገው።»