በሩብ ሰዓት ሙከራ መኪና ስለ መምረጥ

በቅሎ ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወጣ አስተዋይ ሰው በቅሎዪቱን በሜዳ ላይ አንድ ጊዜ አስግሮ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም። ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ዳገት ያወጣታል፤ ከሻጩም ሌላ የሚያውቃት ሰው ቢያገኝ ይጠይቃል። በሜዳ ላይ ያማረች ሁሉ በዳገት ላይ የምትታመን አለመሆኗን ያውቃልና። ይህ ከአባቶች የተወረሰ ጥንቃቄ ከበቅሎ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ በሚከፈልበት በመኪና ግዢ ላይ ሲጓደል መታየቱ የሚያስገርም ነገር ነው።

ጉድለቱ ይበልጥ የሚገለጠው አሜሪካውያን «የጡንቻ መኪና» የሚል ስም በሰጧቸው፣ ሁለት በርና ብርቱ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ባላቸው መኪናዎች ምርጫ ላይ ነው። ከእነዚህም የፎርድ ሙስታንግ፣ የሼቭሮሌት ካማሮና የዶጅ ቻሌንጀር ሦስቱ ዋነኞች ተፎካካሪዎች ናቸው። በአሜሪካ አገር ከሦስቱ አንዱን የሚፈልግ ሰው ወደ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ሩብ ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ከወረደም በኋላ ልቡን በነካው ላይ ይፈርማል። ሙከራው የሩብ ሰዓት፣ ዕዳው ግን ብዙ ጊዜ የአምስትና የስድስት ዓመት ነው።

የፉክክራቸው ታሪክ ባጭሩ ቢነገር ለነገሩ ማስረጃ ይሆናል፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለ1964 በተሠሩት መኪናዎች ዘመን የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በመካከለኛ መኪናዎቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገባ ደንብ ነበረው። የፖንቲያክ ክፍል ሰዎች ግን 389 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ሞተር «ገዢው ሲፈልግ የሚጨመር ዕቃ» በማለት ጂ.ቲ.ኦ. በተባለው መኪና ላይ አገቡት። ደንቡ በጽሑፍ እንዳለ ሆኖ ሥራው አለፈ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፎርድ ሙስታንግን በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን አሳየ፤ መነሻ ዋጋውም 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከ400,000 በላይ ስለ ተሸጠ ተወዳዳሪዎቹ ዝም ብለው ሊመለከቱ አልቻሉም። ጄኔራል ሞተርስ በ1966 ካማሮን፣ የክራይስለር ኩባንያም ለ1970 ሞዴል ዶጅ ቻሌንጀርን አወጡ። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ የተወለዱት ለሙስታንግ መልስ ለመስጠት ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ፋብሪካዎቹ የሞተርን ኃይል የሚለኩት ሞተሩን ከመኪናው ውጭ በመለኪያ ላይ አስቀምጠው፣ የአየር ማጣሪያውንና የጭስ ማውጫውን አካል፣ ከሞተሩ ጉልበት የሚወስዱትንም ዕቃዎች አንሥተው ነበር። ይህም ያልተጣራ ጉልበት ይባላል። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሁለቱንም ቁጥሮች ጐን ለጐን ባወጣ ጊዜ፣ ዜድ 28 የተባለው የካማሮ ሞተር ባልተጣራው ልክ 330፣ በተጣራው ልክ ግን 275 የፈረስ ጉልበት ሆኖ ተገኘ። ከ1972 ወዲህም የተጣራውን መጻፍ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሁሉ ልማድ ሆነ። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ የተለየው አለካኩ ብቻ ነው።

ነጋዴ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ያልተጣራ ትርፍ አይቶ የሚደሰት፣ ኪራዩን፣ ቀረጡንና ደመወዙን ሳይቀንስ ቤት የሚሠራ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያውቃል። የሩብ ሰዓት ሙከራም ከዚህ አይለይም። ለገዢው የሚያሳየው ያልተጣራውን ደስታ ነው፤ የተጣራው የሚታወቀው ከፊርማው በኋላ ነው።

ለምሳሌ ያህል በሚሺጋን ግዛት የሚኖር፣ ዕድሜው አርባ የሞላ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት የሆነ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይታሰብ። በልጅነቱ በ1968 የወጣውን «ቡሊት» የተባለውን ፊልም በአባቱ ቤት ተመልክቶ፣ ሙስታንግና ዶጅ ቻርጀር በሳን ፍራንሲስኮ ጐዳናዎች ሲሳደዱ ካየ ጀምሮ እንዲህ ያለ መኪና የመያዝ ምኞት አድሮበታል። ለዚህም ከደመወዙ እየቀነሰ አሥር ዓመት አጠራቀመ። ቤቱ አንድ መኪና ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛ ለመግዛት አቅም የለውም።

ይህ ሰው በጧት ካማሮ ኤስ.ኤስ. ይነዳል። ሞተሩ 6.2 ሊትር፣ ጉልበቱ 455 ነው፤ መኪናው ዝቅ ያለ፣ በመጠምዘዣ ላይ መሬቱን ይዞ የማይለቅ፣ መሪው ለእጅ የሚታዘዝ ነው። በቀትር ሙስታንግ ጂ.ቲ. ይሞክራል። ሞተሩ 5.0 ሊትር ሲሆን በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ እስኪደርስ ድረስ ድምፁ እየጠራ ይሄዳል፤ የ2018ቱ ሞዴል 460፣ የ2024ቱ 480 የፈረስ ጉልበት አለው። በማታ ደግሞ ስካት ፓክ የተባለውን ቻሌንጀር ይይዛል። በ6.4 ሊትር ሞተሩና በ485 ጉልበቱ ከሦስቱ ይበልጣል፤ በረዥሙ መንገድም እንደ ሰፊ አልጋ ያሳርፋል።

ምሽት ላይ ሰውዬው በካማሮው ልቡ ተይዞ ቢፈርም ማንም አይፈርድበትም፤ በመጠምዘዣው ላይ የተሰማው ደስታ እውነተኛ ነውና። ዳሩ ግን ሩብ ሰዓቱ ያልነገረው ብዙ ነው። የካማሮው መስኮቶች አጫጭር፣ የጣራው ምሰሶዎች ወፍራም ስለ ሆኑ፣ ወደ ኋላ ሲመልሱት ነጂው የሚያየው ጥቂት ነው። የዕቃ ማስቀመጫው 260 ሊትር ገደማ ሲሆን የሙስታንጉ 380፣ የቻሌንጀሩ ደግሞ 460 ሊትር ያህል ይይዛል። በካማሮና በሙስታንግ የኋላ መቀመጫ ላይ ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ጉልበታቸው ከፊተኛው ወንበር ይጋፋል፤ ቻሌንጀር ግን ከኋላ ሦስት ሰው እንዲያስቀምጥ የተሠራ ነው። ቻሌንጀርም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይደለም። ክብደቱ 1,900 ኪሎ ያህል ሲሆን ሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ወደ 1,680 ኪሎ ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ከሁለት ኩንታል እህል በላይ ነው፤ ይህን ጭነት ቻሌንጀር ወደ ሥራ ሲሄድም፣ ዳገት ሲወጣም፣ ፍሬን ሲያዝም ከራሱ ላይ አያወርደውም። በጉልበት የበለጠው መኪና በፍጥነት ያልበለጠበትም ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

የሚስቱም ነገር አለ። ቤቱ አንድ መኪና ብቻ ካለው እርሷም ትነዳዋለች። ከመኪና ማቆሚያ በወጣች ቁጥር ከኋላዋ ልጅ ይኑር አይኑር ለማየት የምትጨነቅ ከሆነ፣ ያ መኪና ለእርሷ የዕለት ፍርሃት ነው። በሁለተኛው ዓመት ባል መኪናውን በኪሣራ ቢሸጠው የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአሥር ዓመት ምኞቱ በገዛ ቤቱ የጠብ ምክንያት ሆኖ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው።

ስለዚህ ሙከራውን ከሻጩ እጅ አውጥቶ ወደ ኑሮው ማምጣት የገዢው ፈንታ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲቆይለት አስቀድሞ ይንገር፤ በብርድ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ብዙ ነገር ይናገራልና። ሻጩ የመረጠውን ለስላሳ መንገድ ትቶ፣ ራሱ በየቀኑ የሚሄድበትን ጐርበጥባጣ መንገድ ይንዳ። ሚስቱን መሪው ላይ፣ ልጆቹንም ከኋላ አስቀምጦ ይሞክር፤ በጠባብ ስፍራም ወደ ኋላ ገብቶ ያቁም። ካምቢዮውን በእጅ የሚለውጡት ዓይነት ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑን በመኪና ብዛት በተጨናነቀ መንገድ ላይ እየረገጠ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የኢንሹራንሱን ዋጋ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይቀበል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢንሹራንሶች በእነዚህ መኪናዎች ወጣት ነጂዎች ላይ የጣሉት ከፍ ያለ ክፍያ ለገበያቸው መቀዝቀዝ አንዱ ምክንያት እንደ ነበረ አይዘነጋም። የሰፋፊ ጎማዎቹንም ዋጋ ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት የኋላ ጎማ ቶሎ ይበላልና። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ አንድ ሌሊት ይደርበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በከንቱ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ምርጫውን የሚለውጥ አንድ ነገር ተጨምሯል። የካማሮና የቻሌንጀር ሥራ በ2023 መጨረሻ ቆሟል፤ ከ1964 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራው ሙስታንግ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ሌላ ሰው የነዳውን ነው። የቀድሞው ባለቤት በእሽቅድምድም ሜዳ ያደከመው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፣ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ መኪናውን ከመሬት አንሥቶ ሥሩን ሊመረምረው ይገባል።

«እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛው ለደስታ እንጂ ለሒሳብ አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። አባባላቸው ከፊሉ እውነት ነው፤ ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ሰው ከሦስቱ አንዱንም ባልገዛ ነበር። ነገር ግን ደስታም እንደ ትርፍ ሁሉ ያልተጣራና የተጣራ አለው። ቁምነገሩ በሙከራው ቀን ልብ ምን ያህል መዝለሉ ሳይሆን፣ በሦስተኛው ዓመት በአንድ ተራ ማክሰኞ ጧት ባለቤቱ ቁልፉን ሲያነሣ ፊቱ መፍካቱ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ሌላ የቤተሰብ መኪና ላለውና ጠመዝማዛ መንገድ ለሚወድ ሰው ካማሮ ከሦስቱ ይመረጣል። ሁልጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ሩቅ ለሚጓዝ ሰው፣ በመካኒክ የተመሰከረለት ቻሌንጀር ክብደቱን የሚያስረሳ ጓደኛ ይሆነዋል። የቀረው ብዙው ገዢ ግን ሙስታንግን ቢይዝ አይጸጸትም፤ በምንም ነገር ከሁሉ በጣም የጐደለ አይደለም፤ ፋብሪካውም በሥራ ላይ ስለሆነ አዲሱን ከነዋስትናው ማግኘት ይቻላል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ከመፈረሙ በፊት ሚስቱን ጠርቶ ቁልፉን ይስጣት፤ እርሷ ነድታ ስትመለስ ከምትናገረው ቃል ከሻጩ ወረቀት ሁሉ የሚበልጥ ምክር ያገኛል።